ታብ፦ ከእናትሽ የጽሕፈት መኪና እስከ አውሮፕላን ጭራ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የአውሮፕላን ጥገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትሪም ታብ፣ ባላንስ ታብ፣ ሰርቮ ታብ፣ አንቲ ሰርቮ ታብ እየተባለ እንማራለን፤ ስሞቹ ግን ይምታቱብኛል። እናቴ ብዙ ዓመት በጸሐፊነት ሠርታለች። ስታጠና ሰምታኝ ‹ታብማ የጽሕፈት መኪናዬም ላይ ነበር› አለችኝ። ኮምፒውተርም ላይ አለ። ግንኙነታቸው ምንድን ነው? ለአውሮፕላንስ ይህን ያህል ዓይነት ለምን አስፈለገ?»

እህቴ፣ እናትሽም መምህሮችሽም ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም። በአማርኛ ስንጽፋቸው አንድ ይምሰሉ እንጂ ከእንግሊዝኛ የመጡልን አፈጣጠራቸው የተለያየ ሁለት ቃላት ናቸው። ይህን ሳንለይ በአንዱ ሌላውን ለመረዳት ብንሞክር ግራ ከመጋባት በቀር የምናተርፈው የለም።

ከእናትሽ ልጀምር። የእሳቸው ታብ «ታቡሌተር» ከሚለው ስም ያጠረ ነው፤ ሥሩ «ታቡላ» የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙም ሰሌዳ ማለት ነው። ሥራው ሰንጠረዥ ማሰለፍ ነው። ጠይቂያቸው፤ በጽሕፈት መኪናው ጀርባ፣ ወረቀቱን የሚሸከመው ክፍል በሚንሸራተትበት በኩል፣ ጥርስ የሚመስሉ ትናንሽ ብረቶች የሚቆሙበት ዘንግ ነበር። የደመወዝ ዝርዝር ሲጽፉ አንዱን ጥርስ ስም በሚጀምርበት፣ ሁለተኛውን ደመወዝ በሚሰፍርበት፣ ሦስተኛውን ተቀናሽ በሚገባበት፣ አራተኛውን ተከፋይ በሚወርድበት ቦታ ላይ ያቆማሉ። ከዚያ ታብን ሲጫኑ ወረቀት ተሸካሚው ተስፈንጥሮ ይሄድና ጥርሱ ሲይዘው ቀጥ ይላል። ሃምሳ ሠራተኛ ቢኖር የሃምሳውም ደመወዝ አንዱ በሌላው ሥር ይሰለፋል። ዓይን መለካት፣ ጣት መቁጠር አያስፈልገውም፤ ብረቱ ራሱ ያስቆማል።

ኮምፒውተር ይህንን እንዳለ ወረሰ። የታብን ቁልፍ ጽሑፍ ውስጥ ስትጫኚ የሚገባው፣ አስኪ በሚባለው የምልክቶች ሰንጠረዥ ቁጥር 9 የተሰጠው ምልክት ነው። ይህ ምልክት ባዶ ቦታ አይደለም፤ «ወደሚቀጥለው ማቆሚያ ሂድ» የሚል ትእዛዝ ነው። ማቆሚያው የት እንደሆነ የሚወስነው ጽሑፉን የሚያሳየው ፕሮግራም ነው፤ ዎርድ ሌላ ካልተነገረው በየግማሽ ኢንቹ፣ ማለትም በየ1.27 ሴንቲ ሜትሩ ያቆማል። በየመሥሪያ ቤቱ የማየውና ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ነገር እዚህ ላይ አለ። በደብዳቤ አናት በቀኝ በኩል «ቁጥር» እና «ቀን» የሚሉትን ለማሰለፍ ሰው የክፍተቱን ቁልፍ ሠላሳ አርባ ጊዜ ይመታል። የግዕዝ ፊደላት ስፋታቸው እኩል አይደለም፤ «ቀ» ጠባብ ነው፣ «ጨ» ሰፊ ነው። ኒያላ በተባለው የፊደል ቅርጽ ተስተካክሎ የነበረው ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አቢሲኒካ በተባለው ሲከፈት ቁጥሩ ወደ መሐል ይሸሻል፣ ቀኑ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። እናትሽ ጥርሱን አንዴ አቁመው ይሠሩት የነበረውን ሥራ፣ ያውም በተሻለ መሣሪያ፣ ዛሬ በግምት እንሠራዋለን።

የኮምፒውተር ፕሮግራም ለሚጽፉት ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ የሠራው «ሜክ» የተባለ መሣሪያ የትእዛዝ መስመሮቹ በታብ ካልጀመሩ አይቀበላቸውም። በዓይን ሲታዩ ታብ የሚመስሉ ስምንት ባዶ ቦታዎች ለእሱ ስህተት ናቸው። ፌልድማን ችግሩን ቶሎ አይቶት ነበር፤ ነገር ግን ደርዘን የሚሆኑ ሰዎች መሣሪያውን መጠቀም ስለጀመሩ ሥራቸውን ላለማፍረስ ብሎ ተወው። እነሆ እስከ ዛሬ ጀማሪው ሁሉ በዚሁ ይሰናከላል።

ሁለተኛው ታብ ከአንድ ነገር ጠርዝ ላይ ብቅ የሚል ትንሽ ቅጣይ ነው፤ እኔ ለተማሪዎቼ «ምላስ» እያልኩ ነው የማስረዳው። በቦክስ ፋይል ውስጥ ወረቀቶችን የሚለዩት ካርቶኖች ጠርዛቸው ላይ ርዕስ የሚጻፍበት ምላስ አላቸው። ኢንተርኔት ላይ ብዙ ገጾችን በአንድ መስኮት ስትከፍቺ ከላይ ተደርድረው የምታያቸው ታቦች የእነዚህ የካርቶን ምላሶች ሥዕል ናቸው፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እ.ኤ.አ. በ2006 በሰባተኛው እትሙ ከመቀበሉ በፊት ሌሎች ማሰሻዎች ሲጠቀሙበት ቆይተዋል። የጣሳ መጠጥ የምንከፍትባት ቀለበትም ታብ ናት፤ ኦሃዮ ውስጥ ይኖር የነበረው ኤርማል ፍሬዝ ተስባ የምትነሳውን ዓይነት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1963 የፈጠራ መብት አግኝቶባታል። የአውሮፕላኑ ታብ የዚህኛው፣ የምላሱ ዘመድ ነው። በእናትሽ ጽሕፈት መኪና ላይ ካለው ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሙያችን እንግባ።

በጭራው አግድም ክንፍ ላይ ያለው ኤሌቬተር አፍንጫን ያነሳል ይጥላል፣ በቆመው የጭራ ክንፍ ላይ ያለው ረደር አፍንጫን ቀኝና ግራ ያዞራል፣ በዋናዎቹ ክንፎች ላይ ያለው ኤይለሮን ክንፍን ያጋድላል፤ ይህን ታውቂያለሽ። ታብ ደግሞ በእነዚህ በአንዳቸው የኋላ ጠርዝ ላይ በማጠፊያ የተያያዘ ሌላ ትንሽ መቆጣጠሪያ ነው። ከተሸከመው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ታዲያ ኢምንቱ ትልቁን እንዴት ይገፋዋል? ተነሺና በር ግፊ። ከማጠፊያው አጠገብ መዳፍሽን አድርገሽ ስትገፊው ያታግልሻል፤ በእጀታው በኩል ግን በአንድ ጣት ይዘጋል። ታብ የተቀመጠው ከዋናው መቆጣጠሪያ ማጠፊያ በጣም ርቆ፣ በእጀታው በኩል ነው። አየሩ የሚገፋው ትንሽ ቢሆንም ርቀቱ ያበዛለታል።

ተማሪን የሚያሳስተው አቅጣጫው ነው። የኤሌቬተሩ ታብ ወደ ታች ሲወርድ አየሩ ታቡን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ታቡ ኤሌቬተሩን ይዞት ይወጣል፤ ኤሌቬተሩ ሲወጣ ጭራው ይወርዳል፤ ጭራው ሲወርድ አፍንጫው ይነሳል። ታብ ወደ ታች ማለት አፍንጫ ወደ ላይ ማለት ነው። ይህን ሰንሰለት እንቅልፍሽ ውስጥ ብትጠየቂ እስክትመልሺው ድረስ ደጋግሚው፤ ለምን እንደምልሽ ወደ በኋላ ታያለሽ።

ይህን ያህል ዓይነት ለምን እንዳስፈለገ ጠይቀሻል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ አውሮፕላኑ ሲተልቅ ደግሞ መቆጣጠሪያዎቹም ይሰፋሉ። የአብራሪው ክንድ ግን ያው የሰው ክንድ ነው። የሃይድሮሊክ ኃይል ሳይስፋፋ በፊት መሐንዲሶች ይህን ልዩነት የሞሉት በአብዛኛው በታብ ነበር፤ እያንዳንዱ ዓይነት የተወለደው ከአንድ የተለየ ችግር ነው። ስለዚህ ስሞቹን አትሸምድጂ። ስለ ማንኛውም ታብ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? የተሸከመው መቆጣጠሪያ ሲንቀሳቀስ እሱ ወደየት ይሄዳል?

ትሪም ታብን የሚያንቀሳቅሰው አብራሪው ነው፤ በተለየ ትንሽ የእጅ ጎማ ወይም ማብሪያ አስተካክሎ ይተወዋል። ዓላማው ክንድ ማሳረፍ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገውን የመጀመሪያ በረራ አስቢ። አውሮፕላኑ ሲ 47 ነበር። በዚያ ረጅም ጉዞ ላይ ነዳጁ ይቀንሳል፣ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል፣ ሚዛኑ በየጊዜው ይለዋወጣል። ትሪም ታብ ባይኖር አብራሪው መሪውን እየገፋ ወይም እየሳበ ሰዓታትን መቁጠር ነበረበት። የሲ 47 ታቦች ኤሌቬተሮቹ፣ ረደሩና ቀኝ ኤይለሮኑ ላይ ነበሩ። ሰስና 172 ላይ ደግሞ የኤሌቬተር ትሪም ታብ የምታገኚው በቀኙ ኤሌቬተር ላይ ብቻ ነው። የዚሁ አውሮፕላን ረደር ላይ ምንም ሽቦ ያልተያያዘባት ስስ የብረት ቁራጭ አለች፤ እሷም ታብ ናት። መሬት ላይ በጥንቃቄ ትታጠፋለች፣ ይበረራል፣ አፍንጫው ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ከሆነ እንደገና ትታጠፋለች።

ባላንስ ታብን የሚያንቀሳቅሰው ሰው አይደለም። በዘንግ ከማይንቀሳቀሰው የጭራ አካል ጋር ስለታሰረ ዋናው መቆጣጠሪያ ወደ ላይ ሲሄድ እሱ በራሱ ወደ ታች ይሄዳል፤ በዚህም የአብራሪውን ሸክም ያቀልለታል። አንቲ ሰርቮ ታብ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መቆጣጠሪያው ወደ ሄደበት ይሄድና ያከብደዋል። ማክበድ ለምን አስፈለገ? ፓይፐር ቼሮኪን ተመልከቺ፤ የጭራው አግድም ክንፍ ለሁለት አልተከፈለም፣ እንዳለ ነው የሚንቀሳቀሰው። እንዲህ ያለው ክንፍ ከመጠን በላይ ቀላል ስለሚሆን አብራሪው ሳያስበው አብዝቶ ይስበዋል። ታቡ «ቀስ በል» የሚል ክብደት ለእጁ ይሰጠዋል። ስፕሪንግ ታብ ደግሞ አብራሪው በቀላሉ ሲገፋ ዝም ይላል፣ ግፊቱ ሲበረታ ብቻ ስፕሪንጉ ተሸንፎ ታቡ ለእርዳታ ይመጣል።

ከሁሉም ደፋሩ ሰርቮ ታብ ነው። ሐሳቡ ከጀርመናዊው መሐንዲስ ከአንቶን ፍሌትነር ጋር ስለሚያያዝ ፍሌትነር ታብም ይባላል። እዚህ ላይ የአብራሪው መሪ ከኤሌቬተሩ ጋር ጨርሶ አልተገናኘም፤ የተገናኘው ከታቡ ጋር ብቻ ነው። አብራሪው ታቡን ያዝዛል፣ አየሩ ታቡን ይገፋል፣ ታቡ ኤሌቬተሩን ይዞ ይሄዳል። ዲሲ 9 እና ኤምዲ 80 የተባሉት ጄቶች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ከእነዚህ አንዱ ቆሞ ብታዪ ግራ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ፣ ቀኙ ወደ ታች ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ። ተበላሽቶ አይደለም። ሁለቱን የሚያስተካክላቸው ነፋስ ስለሌለ ነው።

ይህ አሠራር የሚደብቀውን ነገር አንድ አደጋ በደንብ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 8 ቀን 2017 ሚሺጋን ውስጥ ከዊሎው ራን አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ኤምዲ 83 የዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ጭኖ ለመነሳት ያኮበኩባል፤ በውስጡ 116 ሰዎች አሉ። አብራሪዎቹ ከመነሳታቸው በፊት መሪውን ገፍተውና ስበው ፈትሸዋል፤ ያለ ችግር ተንቀሳቅሷል። የፈተሹት ግን ታቡን ነበር። ኤሌቬተሩን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለሌለ፣ ኤሌቬተሩ ቢነቀነቅም ቢጣበቅም ለእጅ የሚሰማው አንድ ነው። አውሮፕላኑ ከቤት ውጭ ቆሞ ሳለ ኃይለኛ ነፋስ፣ በአጠገቡ ባለው ትልቅ ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) የተነሳ ይበልጥ ተናውጦ፣ ቀኙን ኤሌቬተር እያላጋ የታቡን ማያያዣ አጣሞት ነበር። ኤሌቬተሩ ወደ ታች እንደወረደ ተቀርቅሮ ቀረ። ዋናው አብራሪ መሪውን ሳበ፤ አፍንጫው አልነሳም። መቆም የማይመከርበት ፍጥነት ካለፈ በኋላ ቢሆንም ለማቆም ወሰነ። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያውን አልፎ፣ አጥር ጥሶ ቆመ። የሞተ ሰው የለም፤ ቀላል ጉዳት የደረሰበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔ ይህን ሰው አደንቀዋለሁ። እንደማይበር የተረዳውን አውሮፕላን ሕጉ እንዲህ ይላል ብሎ ወደ አየር ለመጎተት አልሞከረም።

ሁለተኛው አደጋ ግን እንዲህ ባለ መዳን አላበቃም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 16 ቀን 2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳክራሜንቶ አቅራቢያ አንድ የጭነት ዲሲ 8 እንደተነሳ አፍንጫው ከልክ በላይ ወደ ላይ ተነሳ። ሦስቱ የበረራ ሠራተኞች ጭነቱ ወደ ኋላ የተንሸራተተ መሰላቸው። ለመመለስ ሲታገሉ ወደቁ፣ ሦስቱም ሞቱ። ምርመራው ያገኘው በቀኙ ኤሌቬተር ታብ ላይ የሚገፋው ዘንግ መላቀቁን ነበር። ዘንጉን የሚይዘው ብሎን በአግባቡ አልተቆለፈም፣ ቁልፉም በአግባቡ አልታየም። ዳዶና መቆለፊያ ፒን፤ ሁለቱም በመዳፍሽ ላይ ተቀምጠው ክብደታቸው የማይሰማሽ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 16 ቀን 2011 አሜሪካ ውስጥ በሬኖ የአውሮፕላን ውድድር ላይ 11 ሰዎች የሞቱበት፣ ፒ 51 የተባለው አውሮፕላን አደጋም መነሻው ተመሳሳይ ነው። የትሪም ታቡ ብሎኖች ያረጁ ዳዶዎች ስለያዙዋቸው ላልተው ነበር፣ ታቡ በከፍተኛ ፍጥነት ተርገበገበ፣ ተሰበረ፤ አውሮፕላኑ በድንገት ሽቅብ ሲተኮስ አብራሪው ወዲያው ራሱን ሳተ።

ከራሴ ሥራ አንድ ልንገርሽ፤ የት እንደሆነ አልጠቅስም። የትሪም ሽቦ የተቀየረለትን አንድ ትንሽ አውሮፕላን እንድፈርምበት ተጠራሁ። ወረቀቱ ተሟልቷል። አንዱን ልጅ ወደ ውስጥ አስገባሁና እኔ ከጭራው ጎን ቆሜ «አፍንጫ ወደ ላይ!» ብዬ ተጣራሁ። ጎማውን ሲያዞር ይሰማኛል፤ ታቡ በእርጋታ ወደ ላይ መጣ። ለአፍታ ትክክል መሰለኝ፤ ቃሌም «ወደ ላይ» ነበር፣ ታቡም ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ ያ ሰንሰለት ትዝ አለኝና ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ሽቦዎቹ ተሻግረው ታስረዋል። አብራሪው ቢነሳና አፍንጫው ቢከብደው፣ ለማቅለል ጎማውን ባዞረ ቁጥር ይበልጥ ይከብደው ነበር። ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች አይተው «ይንቀሳቀሳል» ብለው ፈርመዋል። ይንቀሳቀሳል ማለትና በትክክል ይንቀሳቀሳል ማለት የተለያዩ ናቸው።

አንድ ግልጽ ላድርግ፤ ብዙ ሰው ስለሚያምታታው። «ትሪም» የሚለውን ቃል አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሰማው እ.ኤ.አ. በማርች 10 ቀን 2019፣ 157 ሰዎችን ባጣንበት በበረራ 302 ሐዘን ጊዜ ነው። በዚያ አውሮፕላን ላይ የተንቀሳቀሰው ታብ አልነበረም። በትልልቅ ጄቶች ላይ ትሪም የሚደረገው የጭራውን አግድም ክንፍ ሙሉ በሙሉ በማዘንበል ነው፤ ኤምካስ የተባለው ሥርዓትም ደጋግሞ የገፋው ይህንኑ ክንፍ ነበር። ታብና የጭራ ክንፍ ዓላማቸው ቢገናኝም ኃይላቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ፈተና ላይ አንዱን በሌላው ቦታ እንዳትጽፊ።

ለተግባር ፈተናሽ ደግሞ ይህን ውሰጂ። የማታውቂው አውሮፕላን አጠገብ ቆመሽ የታቡን ዓይነት ስትጠየቂ፣ መጀመሪያ ማንም መሪውን እንዳይነካ አስጠንቅቂና መምህርሽን አስፈቅጂ። ከዚያ ዋናውን መቆጣጠሪያ በሁለት እጅሽ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ወደ ላይ አንሺው፤ ዓይንሽ ታቡ ላይ ይሁን። ወደ ታች ከሄደ ባላንስ ነው። አብሮ ወደ ላይ ከሄደ አንቲ ሰርቮ ነው። ከተሸከመው ጋር አንድ ላይ ተነስቶ ማዕዘኑ ካልተለወጠ ትሪም ሊሆን ይችላል፤ ለማረጋገጥ ውስጥ ያለው ሰው የትሪሙን ጎማ ያዙርልሽ። መጨረሻ ላይ መቆጣጠሪያውን ልቀቂውና መሪው እንዲሳብ ንገሪ። ታቡ ብቻ ተንቀሳቅሶ ትልቁ ኤሌቬተር ባለበት ከቀረ በፊትሽ ያለው ሰርቮ ነው። ያን ጊዜ የመሪውን ፍተሻ አትመኚው፤ መሰላል አምጪና ኤሌቬተሩን ራሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅሽ አንቀሳቅሽው።